ያልከፈልንበት ቁጭት

በጃፓኑ ጨዋታ ሠሪ ኩባንያ በኮናሚ ላይ የማማረር መብት የለንም። ኩባንያው ከእኛ ጎጃም፣ ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ፣ አንዲት ሳንቲም አላገኘም። ፕሌይስቴሽን 2 ከዓረብ አገር በተመለሰች እህት ሻንጣ ይመጣል፤ የእግር ኳስ ጨዋታው ዲስክ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተገልብጦ፣ ሽፋን እንኳ ሳይኖረው፣ በማርከር «ፔስ» ተብሎ ተጽፎበት ይደርሳል። የጃፓን ሰዎች በዚያ አቧራማ መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ የጤፍ ነጋዴ ልጅና የቄስ ልጅ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው በእነሱ ጨዋታ ሲሟገቱ እንደሚያመሹ አያውቁም ነበር። ቢያውቁ ኖሮ ይከሱን ይሆናል። ያም ሆኖ ይቆጨኛል። እኛም ብንሆን ጨርሰን በነፃ አልተጫወትንም፤ የዳቦ ሳንቲም፣ የከሰዓት ትምህርትና የአባት አርጩሜ አስከፍሎናል።

የጌም ቤቱ ሕግ አጭር ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ይነሣል፤ ያሸነፈ ይቀመጣል። ከባዱ ፍርድ መብራት ሲጠፋ የሚመጣው ነበር። ሁለት ለአንድ ሲመራ የነበረው «አሸንፌያለሁ» ይላል፤ ሌላው «ገና ግማሽ ሰዓት ነበረኝ፣ በሞጣ ጊዮርጊስ አገባልህ ነበር» ይላል፤ ባለቤቱ ከሁለቱም ይቀበልና ሻማ ፍለጋ ይወጣል። በፔስ 6 ኢንተር ሚላንን መምረጥ የሚከለከልበት ቤትም ነበር። የቡድኑ አጥቂ አድሪያኖ በዚያ ዓመት የመምታት ኃይሉ 99 ስለነበር ካሬዋን ቁልፍ የሚጫን ጣት ያለው ሁሉ ከየትም ያገባል። «አድሪያኖ ያለበት ጨዋታ አይቆጠርም» ተብሎ ጠብ ተነሥቷል፤ ሽማግሌ ሊገባ ምንም አልቀረው።

ይህን ጨዋታ በእግሩ ያቆመው ሺንጎ ታካትሱካ የሚባል ሰው ነው። ዓለም የሚያውቀው «ሲባስ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። በቶኪዮ የኮናሚ ቡድን ውስጥ ጃፓኖች «ዊኒንግ ኢሌቨን» የሚሉትን ጨዋታ ለዓመታት የመራው እሱ ነው፤ በአውሮፓ ከ2001 ጀምሮ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር፣ ባጭሩ ፔስ፣ ተብሎ ወጣ (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ተቀናቃኙ ፊፋ ፈቃድ ነበረው፤ የሊጎቹን ስም፣ ማልያውን፣ አርማውን በገንዘብ ገዝቷል። ፔስ ግን አርሰናልን «ሰሜን ለንደን»፣ ቼልሲን «ለንደን ኤፍሲ» እያለ በሐሰት ስም የሚያሰልፍበት ዘመን ነበረው። ማን ግድ አለው? ኳሷ ከእግር ስትለቅ ክብደት ነበራት። ተከላካይ ሲዞር ይዘገያል፤ በደካማ እግሩ የመታ ሰው ይስታል፤ ባላጋራህን ልታታልለው የምትችለው በቁልፍ ብዛት ሳይሆን ሰዓቱን በመጠበቅ ነው። የሲባስ ጥበብ እዚያ ላይ ነበር። በማስተር ሊግ ካስቶሎና ሚናንዳ የሚባሉ በዓለም ላይ የሌሉ ተጫዋቾችን ይዘህ ስትጀምር እንኳ ከዘመዶችህ እኩል ትወዳቸው ነበር።

ያኔ ኮናሚ በእጁ የያዘው ሀብት በብር የሚገመት አልነበረም። ሰው በፈቃዱ፣ ስሙ በተሳሳተ ቡድን፣ ከሀብታሙ ተወዳዳሪ አስበልጦ መረጠው። ይህን ዓይነት ዕድል በማስታወቂያ አትገዛውም።

ማባከኑ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መሣሪያው ወደ ፕሌይስቴሽን 3 ሲሸጋገር ፔስ 2008 እየተንተፋተፈ መጣ፤ ፊፋ በዚያው ሰሞን ሥራውን ከሥር ጀምሮ አስተካክሎ አለፈው። ፔስ 2014 ሲወጣ በፕሮዲውሰርነት ፊት ለፊት የቆመው ኬይ ማሱዳ ነበር፤ የሲባስ ዘመን አልፏል። የኮናሚን ጨዋታ እንደ ቤተሰብ ነገር ለያዘ ሰው ያ ለውጥ ትልቅ ነበር፤ ግን ከበሮ አልተመታለትም። በዚያ ዓመት ጨዋታ ውስጥ ዝናብ እንኳ አልነበረም! ዝናብ፤ ክረምቱን በጎጃም ጭቃ ላይ ኳስ ለሚራገጥ ልጅ ዝናብ የሌለበት እግር ኳስ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣውም የመጨረሻው ፔስ ይኸው 2014 ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር ወደ እኛ የሚደርሰው የዝውውር ዝርዝር በአሮጌው ዲስክ ላይ በሚደርቱ ልጆች እጅ ብቻ ሆነ።

ኮናሚ ያባከነው ሁለተኛው ሰው ሂዲዮ ኮጂማ ነው። በጌም ቤቶቻችን የእሱን ሜታል ጊር የሚጫወት አልነበረም፤ ረጅም፣ ወሬ የሚበዛበት፣ ለተሸናፊ ከፋይ ሥርዓት የማይመች ጨዋታ ነው። ስሙን የሰማነው ዘግይተን ነው። ነገር ግን ከፔስ 2014 ጀምሮ የጨዋታው ሜዳ የተነጠፈበት ፎክስ ኢንጂን የተባለው ሶፍትዌር በኮጂማ ቡድን የተሠራ ነበር። የተጫዋቹ ላብና የማልያው እጥፋት በስክሪን ላይ ከሚታይበት ጀርባ ያለው የእሱ ቡድን ሥራ ነው።

ኮጂማ ኮናሚን በ1986 ተቀላቀለ፤ የመጀመሪያውን ሜታል ጊር በ1987 አወጣ። ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አንድ ቤት አገለገለ። በኦገስት 2014 ፒ.ቲ. የሚባል አንድ ጠባብ ኮሪደር ብቻ ያለው አስፈሪ ማሳያ በነፃ ለቀቀ፤ ማሳያው ከፊልም ሠሪው ጊዬርሞ ዴል ቶሮ ጋር ሊሠራ ላሰበው ሳይለንት ሂልስ ማስተዋወቂያ ነበር። ዓለም አበደ። በሚቀጥለው ኤፕሪል ኮናሚ ጨዋታውን ሰረዘ፤ ማሳያውንም ከመደብሩ አነሣ። ሰዎች ፒ.ቲ. የተጫነበትን ፕሌይስቴሽን 4 እንደ ቅርስ በውድ ዋጋ መሸጥ ጀመሩ። ለሜታል ጊር ሶሊድ 5 ከተዘጋጀው ሽፋን ላይ የኮጂማ ስም ተፋቀ። ኒኬይ የተባለው የጃፓን ጋዜጣ በኦገስት 2015 እንደዘገበው፣ የኮጂማ ክፍል በቁጥር ብቻ የሚጠራ መምሪያ ሆኖ ኮምፒውተሮቹ ከኢንተርኔት ተለያይተው ነበር፤ በኩባንያው ውስጥ ጨዋታ ሠሪ የነበሩ ሰዎችም ወደ ጥበቃ፣ ወደ ስፖርት ማዘውተሪያ ጽዳትና ወደ ፓቺንኮ ማሽን ፋብሪካ ይመደቡ ነበር። ኮናሚ ሲነሣ ሰው የሚያስታውሰው ጨዋታ ቢሆንም ቁማር መሰል ማሽንና ስፖርት ማዘውተሪያም አለው። አለቆቹ ስልክ ላይ የሚሠራ ጨዋታ ነው ወደፊት የሚያበላን ብለው ቆርጠው ነበር።

ሜታል ጊር ሶሊድ 5 በሴፕቴምበር 1 ቀን 2015 ወጣ፤ መጨረሻው ሳያልቅ ወጣ። የቀረው ምዕራፍ ከፊሉ በልዩ እትሙ ላይ እንደ ተጨማሪ ቪዲዮ ተለጥፎ ታየ፤ ተቆርጦ የቀረ ክንድ እንደማሳየት ያለ ነገር ነው። በዲሴምበር በሎስ አንጀለስ የጨዋታዎች ሽልማት ሲሰጥ መድረክ መሪው ጄፍ ኪሊ ኮጂማ እንዳይመጣ በኮናሚ ጠበቃ መከልከሉን ተናገረ፤ አዳራሹ በጩኸት ተቃወመ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮጂማ የራሱን ስቱዲዮ መክፈቱን አስታወቀ። በ2019 ዴዝ ስትራንዲንግን አወጣ። ሰውየው አልጠፋም፤ የጠፋብን እሱ ከቤቱ ጋር ሆኖ ሊሠራው ይችል የነበረው ነው። ፎክስ ኢንጂን ግን አብሮት አልሄደም፤ ወላጁ እንደተሰደደ ልጅ እዚያው ቀርቶ ፔስን እስከ 2021 ተሸከመ።

የደጋፊውን ምላሽ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ተሰደበ፣ ተለቀሰ፣ ኮናሚን አንገዛም ተባለ፤ በ2018 ያለ ኮጂማ በወጣው ሜታል ጊር ሰርቫይቭ ተጨማሪ የማስቀመጫ ቦታ በገንዘብ ሲሸጥ ደግሞ ስድቡ ታደሰ። በዚያው ዓመት የቻምፒየንስ ሊግ ፈቃድ ከፔስ ወጥቶ ፊፋ ዘንድ ገባ። በሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ኮናሚ ፔስ የሚለውን ስም ጥሎ «ኢፉትቦል» ብሎ በነፃ ለቀቀ፤ በሌላ ኢንጂን ተሠርቶ ነበር። የተጫዋቾቹ ፊት ያስደነግጣል፤ ዳኛው ከሰው ጋር ይጣበቃል፤ ስቲም በተባለው መደብር ውስጥ በተጫዋቾች ግምገማ ከሁሉም ጨዋታ መጨረሻ ተቀመጠ። ኩባንያው በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ የጠየቀው ስለ ብልሽቱ እንጂ ስለ ባከነው ሀያ ዓመት አልነበረም።

በእኛ አገር «ቤት ፈረሰ» ሲባል ትልልቆቹ የሚያነሡት የጥኖራን ነው። ደጀን አካባቢ የነበረው የአምራቾች ማኅበር በደርግ ጊዜ እንደ ሞዴል የሚታይ፣ እንግዳ የሚጎበኘው ነበር። በማርች 1990 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ በየቦታው ያሉ አምራቾች ወዲያው ፈረሱ፤ የጥኖራም አልቀረለትም። በሬው፣ ማረሻው፣ መሬቱ ተከፋፈለ። ይህን ያነሣሁት ለማመሳሰል አይደለም፤ ልዩነቱ ነው የሚያሳዝነኝ። አምራቹን ያፈረሱት የራሱ አባላት ናቸው። ሸክማቸውን ያውቁታል፣ ድርሻቸውን ወሰዱ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ የእነሱ ውሳኔ ነበር። ደጋፊ ግን አባል አይደለም። ሃያ ዓመት ስሙን ሲጠራ ኖሮ የሚከፋፈለው በሬ የለውም። አንድ ቦርድ አንድ ቀን ጠዋት ተሰብስቦ ሰውየውን ያስወጣል፣ ስሙን ይፍቃል፣ ጨዋታውን ይሰርዛል። ደግሞ ኮናሚ በዚህ አልከሰረም፤ በቅርብ ዓመታት ያስመዘገበው ትርፍ በታሪኩ ከፍተኛው ነው። በ2024 ሳይለንት ሂል 2ን፣ በ2025 ደግሞ አንድ አሮጌ ሜታል ጊር እንደገና አሠርቶ ሸጠ፤ ሰዉም ገዛ። ስለዚህ «ኮናሚ ተቀጣ» የሚል ሰው ካለ አልስማማም። የተቀጣው ሌላ ነው።

ከሁሉ የባሰው ቁጭት ግን ቶኪዮ አይደለም ያለው። ያ አሮጌ ዲስክ በየጌም ቤቱ ዕድሜ ያገኘው ኤዲት የሚባል ክፍል ስለነበረው ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበር፤ ጨዋታ ሳይጫወት ሰዓት ከፍሎ ኤዲት ውስጥ ይገባል። «ሰሜን ለንደን»ን አርሰናል ያደርጋል፤ ከዚያ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቢጫና ብርቱካናማ ማልያ ነጥብ በነጥብ ይሥላል፤ የኢትዮጵያ ቡናን ይሠራል፤ ለሳላዲን ሰኢድ ፍጥነትና ዝላይ ሲመድብ ከጓደኞቹ ጋር ይከራከራል፤ «ዝላዩን 90 አታድርገው፣ ሚዛኑ ይበላሻል» ይላል። ሚዛን! ይህን ቃል ከየትም አልተማረውም። ሲባስ በደመወዝ የሚሠራውን ሥራ ይህ ልጅ ሰዓት እየከፈለ ይሠራ ነበር። ሚሞሪ ካርዱ ከከተማ ከተማ ይዞር ነበር፤ ከሞጣ ደብረ ወርቅ፣ ከደብረ ወርቅ ቢቸና፣ በአይሱዙ ሾፌር ኪስ።

ለዚህ ልጅ የነበረን መልስ አርጩሜ ነበር። በየጊዜው ዘመቻ ይወጣል፤ ጌም ቤት ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት እኩል ይታሸጋል፤ ወላጅ ይጠራል። በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ያለበት ክፍል ነበር፤ በአቧራ መከላከያ ተሸፍኖ፣ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ። «እንዳይበላሽ» ይባላል። አንድ መምህር ቢቀመጥና «ይህን በእጅህ ከምትነካካው፣ ከውስጥ እንዴት እንደሚታዘዝ ላሳይህ» ቢለው ኖሮ የሚጠይቀው ጊዜ አንድ ክረምት አይሞላም ነበር። በዚያ አካባቢ ደግሞ ረቂቅ ነገርን በሕግና በሚዛን ማሰር አዲስ አይደለም፤ ለዘመናት ቅኔ ያስተማረው የዲማ ጊዮርጊስ ደብር ከቢቸና ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የስልክ ጨዋታ የሚሠራ ስቱዲዮ ሲከፈት ስሙ ቅኔ ጌምስ መሆኑን ስሰማ ሣቅሁ፤ ኩኩሉንና ገበጣን ሠርተዋል፤ ተባረኩ። ቢቸናና ሞጣ ላይ ግን ቅኔውም ጌሙም በእጅ እያለ ማን አገናኛቸው?

ያ ልጅ ዛሬ የሞባይል ጥገና ቤት አለው። ተማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ኢፉትቦል በስልክ በጣም ይወደዳል፤ ዳታ የሌላቸው ከእሱ ያስጭናሉ። ሒሳቡን ይቀበላል፣ ገመዱን ይሰካል፣ እስኪጭን ድረስም ኮናሚን አንድ በአንድ ይሰድባል፤ ከሲባስ ይጀምራል፣ ኮጂማ ላይ ይደርሳል፣ ዝናቡን አይረሳም። ልጆቹ ስሞቹን አያውቋቸውም። «ጋሼ፣ ታዲያ ለምን ትጭናለህ?» ይሉታል። «ጫን ካላችሁኝ እጭናለሁ» ይላል፤ «ኳስ ነው ግን አትበሉኝ።»