ልብሱን ገልብጠው ይዩት

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል የአገሬ ሰው። ባለፈው ዓመት በጥምቀት ዕለት ግን የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ጃን ሜዳ ሳንደርስ «ቀሚሴን አውልቁልኝ» ብላ መንገድ ላይ አለቀሰች። «በዓል ነው፣ ቻይው» አልኳት። ማታ ሳወልቅላት አንገቷና ደረቷ በጥልፉ ልክ ቀልቶ፣ አንዳንዱ ቦታም ተልጦ አየሁ። ስንት ዘመን በጤና ጣቢያ «ልጅ ሲያለቅስ ልብሱን ገልጣችሁ እዩ» እያልኩ እናቶችን ስመክር የኖርኩ ነርስ ነኝ። የራሴን የልጅ ልጅ ግን ቻይው አልኩ።

ዘንድሮ ልብስ ላሠራላት መሆኑን ስትሰማ «እማዬ፣ የሚቆረቁረውን ነው?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ታኅሣሥ ሳይጋመስ ሽሮ ሜዳ የሄድኩት።

ከስድስት ኪሎ በታክሲ ሽቅብ ወጥቼ፣ የአሜሪካን ኤምባሲን አልፌ ወረድኩ። ሰፈሩ እንጦጦ ግርጌ ነውና የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይገባል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ በየሱቁ በር ነጭ ቀሚስ ተሰቅሏል። ከሱቆቹ ጀርባ፣ በየግቢው፣ ሸማኔዎቹ አሉ፤ ብዙዎቹ ከዶርዜና ከሌላውም የጋሞ ደጋ የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ያለችው ልጅ በማሽን የተጠለፈ ቀሚስ ዘርግታ አሳየችኝ። መስቀሉ ከአንገት እስከ ወገብ በወርቃማ ክር ደምቋል። ገለበጥኩት። ማሽኑ ሲጠልፍ ጨርቁ እንዳይሸበሸብ ከሥሩ ወረቀት መሰል ነገር ይደረጋል፤ ዙሪያው ቢቆረጥም ከክሩ ሥር ያለው ይቀራል። በጣቴ ስዳስሰው ሻካራ ነው።

«እናቴ፣ ሰው የሚያየው እኮ ፊቱን ነው!» ብላ ሳቀች።

«ልጅቷን የሚነካት ግን ጀርባው ነው» አልኳት።

የማሽን ጥልፍ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ባለቀ ጨርቅ ላይ ይሠራል፣ ቶሎ ይደርሳል፣ የፈለጉትን ንድፍ ያወጣል። ለአዋቂ፣ ከውስጥ ሌላ ልብስ ለሚደርብ፣ ጥሩ ነው። የእጅ ጥልፍ በጥጥ ክር ከሆነ ይለሰልሳል፤ ጊዜ ግን ይፈጃል። ሕትመትም አለ፤ ርካሽ ነው፣ አይቆረቁርም። ላስቲክ መሰል ቀለም በሰፊው ከታተመበት ግን ላብ አያሳልፍም፤ ካውያም በቀጥታ ካረፈበት ይበላሻል።

ከዚያ ወደ አንድ ሸማኔ ግቢ ገባሁ። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደው መርገጫውን ይረግጣሉ። ባለቀለሙን ክር በጣታቸው በድሩ መሀል እየመረጡ ያስገባሉ፣ መወርወሪያውን ይልካሉ፣ ይመታሉ፤ እንደገና ይመርጣሉ። ጥለቱ ከጨርቁ ጋር አብሮ ያድጋል። ሲያልቅ በታች በኩል ዳሰስኩት፤ ወረቀትም ቋጠሮም የለውም።

«ጥለት በኋላ የሚለጠፍ አይደለም፤ ቁመቷን አሁኑኑ ይንገሩኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጥለቱ የቀሚሱ ጫፍ ላይ ስለሚውል ልጅ ታድጋለች ብሎ ከታች ማጠፍም፣ ረዘመ ብሎ መቁረጥም አይቻልም። ስለዚህ ትርፉን ወገቡ ላይ እንዲታጠፍ አስተውኩ፤ ለከርሞ ይፈታላታል።

ልጅቷ የሚያብለጨልጭ እንደምትወድ አውቃለሁ። ወርቃማውን ክር ከለከልኳት ማለት ደግሞ በዓሉን ከለከልኳት ማለት ነው። ሸማኔውን አማከርኳቸውና ወርቃማው ከታች፣ ገላ በማይነካበት ዳር ብቻ እንዲገባ ተስማማን። አንገቱ ባዶ ይሁን፤ ሰፊው ከውስጥ ስስ የጥጥ ገበር ያድርግበት አልን።

ባለፈው ሳምንት ደርሶ አመጣሁት። ሳላለብሳት በፊት ገልብጬ በክንዴ ውስጠኛ ገላ ላይ አሸሁት፤ የሕፃን ቆዳ ባይሆንም ከመዳፍ ይሻላል። እናንተም ልብስ ስታሠሩ እንዲሁ አድርጉ፤ ቢቻል ልጁን ራሱን ይዛችሁ ሂዱና እሱ ይዳስሰው።

ለበሰችው። ዞረች፣ ጫፉ ሲያብለጨልጭ አየች፣ ግቢውን ስትሮጥበት ዋለች። አውልቂ ብንላት እምቢ ብላ ሶፋው ላይ እንደለበሰች እንቅልፍ ወሰዳት። ቀስ ብዬ አንገትጌውን ገልጬ አየሁ። ምንም የለም።