እሸት በኮዬ ፈጬ

ነሐሴ ነው፤ ኮዬ ፈጬ ጭቃዋን ለብሳለች። በ2011 ዕጣ ከወጣባቸው ኮንዶሚኒየሞች ግርጌ፣ ዣንጥላ የዘረጉ አንዲት እናት የከሰል ምድጃቸውን በካርቶን ቁራጭ ያራግባሉ። ከጎናቸው የእሸት በቆሎ ክምር አለ።

ፍልሰታ ነውና (ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሥጋም ቅቤም የለም) ከታክሲ የወረደ ሁሉ አፍንጫውን ተከትሎ ይመጣል። መክሰሱ ዘይት አይል፣ ጨው አይል፤ ከወደ አሜሪካ ምድር መጥቶ አገሬ የሆነው በቆሎ የራሱ ጣዕም ይበቃዋል።

«እናቴ፣ ለጋውን ይምረጡልኝ» ይላል አንድ ወጣት።

ቅጠሉን ገለጥ አድርገው አንዷን ፍሬ በአውራ ጣት ጥፍራቸው ጫን ይሏታል። ወተቷ ፊጭ ካለ ለጋ ናት፤ ጥፍር ከመለሰች ጠንክራለች፣ ለንፍሮ ትቀመጥ። ከዚያ ፍም ላይ ማገላበጥ ነው። ጣ! ጣ! ይላል። ችኮላ ግን አይወድም፤ ነበልባል ላይ የተጣደ እንደሆነ ውጪው ከስሎ ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

«ትንሽ ታገሥ ልጄ፤ ዝናቡስ መች አባራ!»

በራሱ ቅጠል ጠቅልለው ሰጡት። ወጣቱ አምስተኛ ፎቅ ቤቱ ድረስ ሊያደርሰው አስቦ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ በእጁ የቀረው ቆረቆንዳው ብቻ ነው።