ጉልበት ሲጨመር ካምቢዮው ምን ይላል?

አንባቢዬ፥ መኪና የለኝም ብለው ይህን ገጽ አይለፉት። እኔም የለኝም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ምን አገባው ብሎ የሚስቅ ቢኖርም አልፈርድበትም። ነገር ግን መኪና የሌለው ሰው እንኳ መኪና ያለው ዘመድ አያጣም፤ ዘመድ ደግሞ ሲጨንቀው የሚጠይቀው «የተማረውን ልጅ» ነው። ኮሌጅ ገብቶ የወጣ ሰው ከወባ እስከ መሬት ክርክር፥ ከሬዲዮ እስከ ካምቢዮ ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይታሰባል።

ጠያቂዬ አጎቴ ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ የሰው መኪና ነድተው ባጠራቀሙት ገንዘብ አንድ ያገለገለች የናፍጣ የመስክ መኪና ገዝተዋል። ቱርቦ የላትም፤ ካምቢዮዋ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ባሕር ዳር ሰው ታመላልሳለች፤ የሦስት ልጆቻቸው ትምህርት፥ የቤት ኪራያቸውና የአያቴ መድኃኒት የሚወጣው ከእርሷ ነው። ነውሯ አንድ ብቻ ነው። ሰባት ሰው ከነጓዙ ጭና ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጣ ታቃስታለች፤ ከኋላዋ የሚመጣው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋባታል። ታዲያ አንድ መካኒክ «ቱርቦ እንግጠምላት፤ ፖምፓዋንም ጥቂት እንክፈትላት፤ ዳገቱን እንደ ሜዳ ትወጣዋለች» አላቸው። አጎቴ ብልህ ሰው ናቸውና «ካምቢዮውስ?» ብለው ጠየቁ። «ካምቢዮው ይችላል» አለ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይህች «ይችላል» የምትለው ቃል ናት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን ካስታወቀ ወዲህ በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና ማባበል የብዙ ቤተ ሰብ ጉዳይ ሆኗል። ካምቢዮዋ ቢቃጠል አጎቴ ሌላ ይገዛሉ ለማለት የሚደፍር ሰው የለም።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ጥቂት ልናገር። በእጅ የሚቀየረው ካምቢዮ ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው በፍሪሲዮን ነው፤ ደረቅ ነገር ከደረቅ ነገር ጋር ተጣብቆ ይዞራል። አውቶማቲኩ ግን በመካከሉ ዘይት አለው። ሁለት ማራገቢያዎች ፊት ለፊት ያቁሙና አንዱን ብቻ በኤሌክትሪክ ያዙሩት፤ ነፋሱ ሁለተኛውን ያዞረዋል። በነፋሱ ፋንታ ዘይት፥ በማራገቢያዎቹ ፋንታ በብረት ቅል ውስጥ የታሸጉ ሁለት ክንፋም ጎማዎች ያስቡ። በመካከላቸው የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ የሚያቃና ሦስተኛ ትንሽ ጎማ አለ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሔርማን ፈቲንገር በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ይህን ብልኀት ያወጣው ለመኪና ሳይሆን ለመርከብ ነበር። ዛሬ ኮንቨርተር እንለዋለን። መኪናው ከቆመበት ሲነሣ የሞተሩን የመጠምዘዝ ኃይል እስከ ሁለት እጥፍ ገደማ ያበዛዋል፤ የአውቶማቲክ መኪና አነሣስ ለስላሳ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ከኮንቨርተሩ በስተኋላ እንደ ፀሐይና እንደ ፈለኮቿ እርስ በርሳቸው የሚዞሩ ጥርሳም ጎማዎች አሉ። ማርሹን የሚለውጡት እነዚህን ጎማዎች የሚይዙና የሚለቁ ቀጫጭን ዲስኮች ናቸው፤ ዲስኮቹን ጨብጦ የሚያጣብቃቸው ደግሞ የዘይት ግፊት ነው። እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ዲስኮቹ ሊሸከሙት የሚችሉት ኃይል በቁጥራቸው፥ በስፋታቸው፥ በሻካራነታቸውና በጨበጣቸው ግፊት ልክ ነው። ከዚያ ያለፈ ኃይል ሲመጣባቸው እንደ ብረት ዘንግ ቀጭ ብለው አይሰበሩም፤ ይንሸራተታሉ። ሲንሸራተቱ ይግላሉ፤ ሲግሉ ሻካራ ልብሳቸው ይነዳል፤ የነደደው ልብስ ዘይቱን ያጠቁራል፤ የጠቆረው ዘይት ግፊቱን በሚያከፋፍሉት ቀጫጭን መንገዶች ውስጥ ይሰካል፤ ግፊቱም ያንሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ቁልቁል ነው። ሾፌሩ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ሞተሩ ጥቂት ከፍ አድርጎ ሲጮህ «ቱርቦው ሠራ» ብሎ ደስ ይለው ይሆናል።

አውቶማቲክ ለሰነፍ ነጂ የተሠራ ደካማ ዕቃ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ሐሰት ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ያወጣው «ሃይድራማቲክ» የተባለው ካምቢዮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኤም 5 በተባለው ቀላል ታንክ ውስጥ ከሁለት የካዲላክ ሞተሮች ጋር ተገጥሞ ዘምቷል። ሌሎች ደግሞ ወደ ሁለተኛው ጫፍ ይሄዳሉ። የዚያው መካኒክ ረዳት፥ ፈጣን ወጣት ነው፥ በስልኩ ላይ አንድ የአሜሪካ የእሽቅድምድም መኪና አሳየኝ፦ «ባለ ሁለት ማርሽ አውቶማቲክ ነው፤ ከሺህ ፈረስ ጉልበት በላይ ይሸከማል!» እውነቱን ነው። ሸቭሮሌት እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው «ፓወርግላይድ» የተባለ ካምቢዮ እስከ ዛሬ በእሽቅድምድም ሜዳ ይገኛል። ግን ውስጡ በጠንካራ ዕቃ ተለውጦ፥ ሩጫውም ጥቂት ሰከንድ ብቻ ሆኖ፥ ከዚያ ቆሞ እየበረደ ነው። የዓባይ ዳገት ጥቂት ሰከንድ አይደለም።

ሌላው ስሕተት የፈረስ ጉልበትን ብቻ መቁጠር ነው። ካምቢዮውን የሚጎዳው ፈረስ ጉልበት ሳይሆን የመጠምዘዝ ኃይል ነው። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ እንደሚያሰሉት፥ 100 ኪሎ ዋት በደቂቃ 4000 ጊዜ ከሚዞር ሞተር ሲመጣ የመጠምዘዝ ኃይሉ 239 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ያው 100 ኪሎ ዋት 2000 ጊዜ ከሚዞር ሞተር ሲመጣ ግን 477 ይሆናል። ጉልበቱ አንድ፥ ጫናው እጥፍ። ቱርቦ የተገጠመለት የናፍጣ ሞተር የሚፈረጥመው ደግሞ በዝግታ ሲዞር ነው፤ ልክ ካምቢዮው በሚፈራው ቦታ።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ምን አድርገዋል? ከማንም መካኒክ ቃል ይልቅ እርሱ ይመስክር። ዶጅ እ.ኤ.አ. በ1996 «ራም» በተባለው ፒክአፕ ላይ የገጠመው የከሚንስ 5.9 ሊትር የናፍጣ ሞተር በእጅ ካምቢዮ ሲሸጥ 215 ፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ያው ሞተር ከአውቶማቲክ ጋር ሲሸጥ ግን 180 ብቻ። በተቃራኒው ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2020 ያደሰው ባለ 2.8 ሊትር ሃይሉክስ በአውስትራሊያ ሲቀርብ በአውቶማቲኩ 500 ኒውተን ሜትር፥ በእጅ ካምቢዮው 420 ነበረው። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ደካማውና ብርቱው ቦታ ተለዋወጡ። እንግዲህ «አውቶማቲክ ይችላል ወይስ አይችልም?» የሚለው ጥያቄ «አህያ ትችላለች ወይስ አትችልም?» እንደ ማለት ነው። የትኛዋ አህያ? ስንት ኩንታል? በየትኛው ዳገት? የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ኩባንያ ለባለ ስምንት ማርሽ ካምቢዮዎቹ የመሸከም ልካቸውን በስማቸው ላይ ይጽፍላቸዋል፤ 45 የሚለው ለ450፥ 70 የሚለው ለ700 ኒውተን ሜትር ገደማ የታሰበ ነው። ሁሉም ሰው እንዲህ ልኩ በስሙ ላይ ቢጻፍለት ስንት ጭቅጭቅ በቀረ!

በአሮጌዎቹ ካምቢዮዎች ላይ ግን ከብርታት የከፋ አንድ ነገር አለ፤ መታለል። የአጎቴ መኪና ካምቢዮ ዲስኮቹን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚጨብጥ የሚያውቀው ከናፍጣ ፖምፓው ማንሻ በመጣች አንዲት ቀጭን የብረት ገመድ ነው። ነጂው ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ ገመዷ ትሳባለች፤ ግፊቱም ይጨምራል። ገመዷ የምትናገረው ግን የእግርን ነገር እንጂ የቱርቦውን አይደለም። ቱርቦ ገጥመው፥ ናፍጣውን ከፍተው፥ እግርዎን እንደ ወትሮው ግማሽ ድረስ ቢረግጡ፥ ካምቢዮው የድሮው ግማሽ ኃይል የመጣ መስሎት በድሮው ልክ ይጨብጣል። የመጣበት ግን ሌላ ነው። በአዳዲሶቹም መኪኖች ላይ ከዚህ የተለየ ነገር የለም፤ ገመዷ በኮምፒዩተር ተተካች እንጂ። ጉልበት ለመጨመር የምትሸጠው ትንሽ ሳጥን የሞተሩን ኮምፒዩተር የምታታልል ከሆነች፥ ሞተሩ ለካምቢዮው የሚነግረውም ያው ውሸት ይሆናል።

አሁን ወደ አገራችን አየር ልምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት ሩብ ገደማ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን፥ አንዳንዴም ሩቡን ያጣል። ካምቢዮው የተሠራው ግን ለሙሉው ነው። መካኒኩ «ይችላል» ሲል ሳያውቀው የተደገፈባት እውነት ይህች ናት። ቱርቦው ግፊቱን በ0.4 ባር ቢያነሣ በአዲስ አበባ 0.76 የነበረው 1.16 ይሆናል፤ ፋብሪካው ካሰበው ብዙም አይርቅም። ነገር ግን መኪናዋ አዲስ አበባ ታስራ አትኖርም። አጎቴ አንዳንድ ጊዜ ወደ ሰመራም ይሄዳሉ። እዚያ ግፊቱ 0.96 ያህል ነውና ያው ቱርቦ 1.36 ያደርሰዋል፤ መካኒኩም ናፍጣውን በዚያው ልክ ከከፈተው ጫናው ከታሰበው በሢሶ በልጦ፥ ያውም በአፋር ሙቀት ውስጥ ይመጣል ማለት ነው።

ሙቀትን ካነሣሁ፥ ኮንቨርተሩ በዳገት ላይ በዝግታ ሲሄዱ ሁልጊዜ ጥቂት ይንሸራተታል። ሞተሩ 60 ኪሎ ዋት ቢሰጥና ከመቶ 15 እጁ በመንሸራተት ቢጠፋ፥ 9 ኪሎ ዋት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ማለት ሁለት ተኩል ያህል የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ በካምቢዮው ዘይት ውስጥ ተጥዶ እንደሚጋገርበት ነው። ሞተሩን 80 ኪሎ ዋት ቢያደርጉት ሦስተኛው ምጣድ ተጨመረ።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ በወረቀት ላይ እየጻፍሁ አስረዳኋቸው። መካኒኩም ተቀምጦ ሲሰማ ቆይቶ «መምህር፥ ወረቀት ዳገት አይወጣም» አለኝ። አጎቴ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ መልሱን ግን አልወደድሁትም። «ታዲያ በዳገቱ ላይ እንለካው» አልሁ። በጥቂት ገንዘብ የዘይት ሙቀት መለኪያ ተገዝቶ ከካምቢዮው በሚወጣው ቧንቧ ላይ ተገጠመ። አጎቴ ቱርቦ በሌላት መኪናቸው ሰባት ሰው ጭነው ወደ ደጀን ሲወጡ መለኪያው 118 ዲግሪ አሳየ። የጥገና ሰዎች ከ80 ዲግሪ ገደማ ወዲያ አሥር አሥር ዲግሪ በተጨመረ ቁጥር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል ይላሉ። መኪናዋ ለካ ያለ ቱርቦም በገደል አፋፍ ላይ ነበረች።

«አንተ ልጅ» አሉኝ አጎቴ በስልክ፥ «እኔ እኮ ሞተሩ ነው የደከመ መስሎኝ ስጨነቅ የኖርሁት።»

«ጋሼ፥ የቱርቦውን ገንዘብ አይንኩት» አልኋቸው። በመጀመሪያ ከራዲያተሩ ፊት ራሱን የቻለ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ይግባ፤ ዘይቱና ማጣሪያው ይለወጥ፤ ገመዷ በፋብሪካው ልክ ትስተካከል። ይህ ተደርጎ በዚያው ዳገት፥ በዚያው ጭነት መለኪያው 96 አሳየ። ቱርቦው ገና አልገባም። ይግባ ከተባለ አስቀድሞ ካምቢዮው ተፈትቶ ዲስኮቹ ይለወጣሉ፥ ግፊቱ ከፍ እንዲል ይደረጋል፥ የፖምፓውም ብሎን በማኅተም ይታሰራል፤ ያ ደግሞ ከቱርቦው ዋጋ ይበልጣል። መካኒኩ በነገሩ አኵርፏል፤ ሥራ አስቀርቼበታለሁና አልቀየመውም። አጎቴም ከዳገቱ ላይ ጡሩምባ ሲነፋባቸው ዳር ይዘው ያሳልፋሉ።

እርስዎም አንባቢዬ፥ ጉልበት ልጨምር ብለው ካሰቡ፥ ካምቢዮዎ የዘይት መለኪያ ዘንግ ያለው ከሆነ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ዘንጉን ይሳቡና ጫፉን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት። ዘይቱ ጥርት ያለ ቀይ ከሆነ ንግግሩን መቀጠል ይቻላል። ጠቁሮ የከረረ ጥብስ የሚሸት ከሆነ ግን ቱርቦ ሊሸጥልዎ የመጣውን ሰው ቡና ጋብዘው በደኅና ይሸኙት።