ጥቂት ይንተባተብ

እናቴ በአዳማ ጓሯችን የተከለችውን ዋንዛ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ነፋስ ጣለው። እርሷ በሕይወት አልነበረችም፤ ግንዱን ለማገዶ መስጠት አልወደድሁም። ገበታ እንዲወጣው ብዬ ያመጣሁት ሰው ግን ለሞተር መጋዙ ኃይል ለመጨመር ሲል የካርቡራተሩን ብሎን አጠበቀው። ቤንዚኑ ሲያንስ ከቤንዚኑ ጋር የተደባለቀው ዘይትም አነሰ፤ የመጀመሪያው ጣውላ ሳይጋመስ ፒስተኑ ግሎ ተጣበቀ።

ከሻሸመኔ የመጡት ሽማግሌ አስቀድመው የራሳቸውን መጋዝ አስነሥተው አዳመጡ። «ልጄ፣ ግንድ ማጋደምና በቁመቱ መሰንጠቅ አንድ አይደለም» አሉኝ። ስንጠቃ ሞተሩን ለብዙ ደቂቃ ያለ ዕረፍት በሙሉ ኃይሉ ያስጮኸዋልና! በሞረድ የጥርሱን ስለት ከ30 ዲግሪ ወደ 10 ዲግሪ መለሱት። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ይላል፤ ለባሕር ጠረፍ የተቃኘ ሞተር ቤንዚን ይበዛበታል፤ ስለዚህ ብሎኑን እርሳቸውም አጠበቁት፣ ነገር ግን በጥቂቱ። ያለ ጭነት ሲጮኽ ይንተባተብ፣ እንጨቱን ሲነክስ ይጥራ ነው ሕጋቸው። ተዋንያንን ድምፅ ሳሠለጥን የኖርሁት እኔ፣ መንተባተብን ሁልጊዜ እንደ ጉድለት ስቆጥር ነበር።

የመጀመሪያው መጋዝ የቆመበት ጭረት ዛሬም በገበታው ላይ ይታያል። አናጺው ልላገው ቢል አልፈቀድሁም።