አቃቂ በሰቃ፦ ሁሉ የሚያልፍባት ከተማ

ዛሬ ወደ አቃቂ በሰቃ እንሂድ።

አቃቂ በሰቃ ከአዲስ አበባ መሀል ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የአቃቂ ወንዝ በአጠገቧ ይፈሳል። ዱሮ ለብቻዋ ከተማ ነበረች። ዛሬ የአዲስ አበባ አካል ሆናለች። ክፍለ ከተማዋም አቃቂ ቃሊቲ ይባላል።

ባለፈው ሳምንት ከተማሪዎቼ ከአንዲት እናት ጋር ከቢሾፍቱ ወደ አቃቂ ሄድኩ። ሴት ልጃቸው የምትኖረው እዚያ ነው። መንገድ ላይ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ዱሮ በባቡር ነበር የምንሄደው። ሐዲዱ አንድ ነው፤ ወዴት ይስታል? አሁን ግን መኪናው ብዙ፣ መንገዱም ብዙ። አንድ ቀን ልጄ ታማ ስሄድ ተሳስቼ በፍጥነት መንገድ የሚሄደው መኪና ውስጥ ገባሁ። አውርዱኝ ብል ማን ይቁምልኝ! ቱሉ ዲምቱ ደርሼ ወረድኩ። ጠይቄ ጠይቄ ልጄ ቤት ስደርስ መሽቶ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ነገሩን አንድ በአንድ እንየው።

ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አቃቂ በሐዲዱ ላይ ነበረች። ባቡሩም ይቆምላት ነበር። ሰው ይወርዳል፤ እቃ ይጫናል። የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተተከሉ። ሠራተኛው ከየአገሩ መጣ። መንደሩም ከተማ ሆነ።

ያ አሮጌ ባቡር ሥራ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ተመረቀ። እሱ ግን ለአቃቂ ቅርብ በሆነው በእንዶዴ የሚያራግፈው ጭነት ነው። የሰው መሳፈሪያው ለቡ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም የደቡብ ጫፉ ቃሊቲ ነው፤ አቃቂ አይደርስም። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ዙሪያው አጥር ነው። እግረኛና ከብት አይገባበትም። በየመንደሩም አይቆምበትም።

እንግዲህ ለአቃቂ ሰው የዘወትር መንገዱ ያው አሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ነው። በቃሊቲ፣ በአቃቂና በዱከም አድርጎ ቢሾፍቱ ይደርሳል።

ሕዝቡስ ስንት ነው? በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ በአቃቂ ቃሊቲ ከ180 ሺህ በላይ ሰው ተቆጥሯል። የክፍለ ከተማው ስፋት ያኔ 118 ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ ነበር። ስናካፍለው በአንድ ኪሎ ሜትር ካሬ 1500 ሰው ያህል ይደርሳል። በመላው አዲስ አበባ ግን 5 ሺህ ያህል ነበር። ይህ ምን ማለት ነው? በአቃቂ ፋብሪካውና እርሻው ሰፊ ቦታ ይዟል፤ ቤቱም የተራራቀ ነው ማለት ነው። ቤት ሲራራቅ ወደ መኪናው የሚኬደው የእግር መንገድ ይረዝማል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በቱሉ ዲምቱ ብዙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው ሰው ገብቶባቸዋል።

ስለዚህ መንገድ በደጅ ማለፉ ብቻ አይበቃም። የሚቆምልንም ያስፈልጋል። ይቁምልን ብለን ስንጠይቅ ደግሞ ስንት ሰው እንደሆንን፣ ስንት ሰዓት እንደምንሄድ ጽፈን ብናቀርብ ነገራችን ይጠነክራል። ቆጣሪም ቤታችን ሲመጣ ማንንም ሳንደብቅ፣ አራስ ልጅ እንኳ ሳንረሳ እንናገር።

ወደ እናታችን ልመለስ። ቢሾፍቱ መናኸሪያ ስንደርስ ረዳቶቹ ባንድ ላይ ይጮኻሉ፤ ማን ምን እንደሚል አይለይም። እኔ ልጠይቅ ስል እሳቸው እጄን ያዙኝ። ወደ አንዱ መኪና ታፔላ ቀና ብለው በጣታቸው እየጠቆሙ አነበቡ፦

«አ... ቃ... ቂ። ሁለቱ እህትማማች ናቸው፤ የቀ ልጆች። ና ልጄ፣ የኛ መኪና ይኸ ነው።»

ገና ፀሐይ ሳለች ልጃቸው ቤት ደረስን።