ወይራን በቅጠሉ፣ በአበባውና በፍሬው ማወቅ

ከደብረ ብርሃን ተነሥተን ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል በተጓዝን ጊዜ የሜዳው ብርድና የባሕር ዛፉ ሰልፍ ከኋላችን ቀረ። ቀድሞ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችው በአንኮበር፣ በአቅራቢያው ካለው ከወፍ ዋሻ ደን ሌላ፣ አገር በቀል ዛፎች ተጠብቀው የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ነው።

ወይራን ለተማሪዎቻችን ለማሳየት አስበን ነበር። እናቶቻችን የጠላውን ጋንና የወተቱን ዕቃ በጢሱ ሲያጥኑ፣ አባቶቻችንም በትሩን ሲመረኰዙ እያየን አድገናል። በግእዙም ትምህርት «ዘይት» የሚለው ቃል ቅባቱንም ዛፉንም እንደሚያመለክት ተምረናል። ስለዚህ ከመንገድ ዳር ቀጭን ቅጠል ያለው ቍጥቋጦ ባየን ጊዜ፣ ያለ ጥርጥር «ወይራ ይህ ነው» አልን። በዐጸዱ ደጃፍ የተቀመጡ አንዲት እማሆይ ግን ፈገግ ብለው፣ «መምህር፣ ይህማ ክትክታ ነው፤ የወይራውን ቅጠል ገልብጠው ይዩት» አሉን። በተማሪዎቻችን ፊት እጅግ ዐፈርን፤ ሆኖም ትምህርቱን በምስጋና ተቀበልን።

የወይራ ቅጠል ጠባብና ጫፉ የሾለ፣ ዳሩም ጥርስ የሌለው ነው። በቅርንጫፉ ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ይበቅላል፤ ላዩ ጥቁር አረንጓዴ ሲሆን፣ ሥሩ ግን ነጣ ያለ ወይም ወርቅማ ቡናማ ነው። የክትክታ ቅጠል ግን አንድ አንድ እየሆነ በተራ ይበቅላል፤ ለጋው ሲነኩት ይጣበቃል፤ ሁለቱም ገጹ አረንጓዴ ነው።

የወይራ አበባ ጥቃቅንና ነጭ ነው፤ አራት ቅጠሎች ኖረውት በዘለላ ይወጣል። ፍሬው ከአተር ጥቂት የሚተልቅ ሞላላ ሲሆን፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሐምራዊ ይለወጣል፤ በውስጡም አንድ ጠንካራ ፍሬ አለው። ክትክታ ግን ክንፍ ያለው ደረቅ ፍሬ ያፈራል። በኢየሩሳሌም ዙሪያ የሚለማውና የእኛው ወይራ በዘር አንድ ናቸው፤ የእኛው ዱር በቀል ስለ ሆነ ሥጋው ስስ ነው።

ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ በአንድ ቀን የተቈረጠውን ለመተካት ብዙ ዓመት ያስፈልጋል። ጢሱን ብቻ የሚያውቅ ልጅ ግን ዛፉ ከደጁ ሲጠፋ አያስተውልም። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ወደ ዐጸዱ ስትወስዱ ቅጠሉን አስገልብጧቸው።

ስንመለስ ተማሪዎቻችን በየመንገዱ ዳር ቅጠል እየገለበጡ አዘገዩን፤ እኛም አልተቈጣናቸውም።