ጅብራን ለይቶ ስለ ማወቅ

የስሜንን ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ መንገደኛ፣ በጓሣው ሜዳ ላይ የቆመውን ጅብራ ከሩቅ ሲያየው ዘንባባ ይመስለዋል፤ ወፍራም ግንድ፣ በጫፉም የቅጠል ዘውድ አለውና። ቀርቦ ለሚያስተውለው ግን ከዘንባባ ጋር ዝምድና የለውም። ቅጠሉ ሲቀነጠስ እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ያወጣል፤ ወገኑም ሎቤልያ ከሚባሉት አበቦች ነው።

በአገር ቤት ጅብራ ተብለው የሚጠሩት ሁለት ዓይነት ስለ ሆኑ፣ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ዝቅ ባለው ደጋ፣ በጫካ ጥግና በሸለቆ ውስጥ ይበቅላል፤ ይህ በሌሎች የምሥራቅ አፍሪቃ አገሮችም ይገኛል። ሁለተኛው ከ3000 ሜትር በላይ፣ ዛፍ እየሳሳ በሚቀርበት ብርድ፣ በገላጣው ሜዳ ይቆማል፤ እርሱም የኢትዮጵያ ደጋ ልዩ ተክል ነው።

ይህ የተራራ ጅብራ በዕድሜው የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ብዙ ዓመት በቅጠል ብቻ ከኖረ በኋላ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያቆማል፤ ዘሩ ሲደርስ ራሱ ይደርቃል፤ ዳግመኛም አያቆጠቁጥም። ስለዚህ ሳያብብ የተቆረጠ ጅብራ የዓመታት ጥበቃውን ሁሉ ይዞ ያለ ዘር ይቀራል።

እንግዲህ በዚያ የሚያልፍ ሰው ስሙን ብቻ ሳይሆን ዘመኑንም ይለይ። ቅጠል ብቻ ያለው ተራውን የሚጠብቅ ነው፤ ያበበው በሥራው ላይ ነው፤ ደርቆ የጠቆረውም ቢሆን፣ ዘሩ ከላዩ ረግፎ እስኪያልቅ ድረስ አደራውን ገና አላስረከበምና፣ ለማገዶ ብሎ እጁን አይዘርጋበት።